ኮምፕሬሽን ካልሲ ለሯጭ፦ አለካክ፣ አጠላለቅና አያያዝ

ኮምፕሬሽን ካልሲን፣ ማለትም እግርን አጥብቆ የሚጫን እስከ ጉልበት የሚደርስ ካልሲ፣ ፍጥነት ይጨምርልኛል ብለው አይግዙ። ዋናው ጥቅሙ ከሩጫ በኋላ ነው፤ ረጅም ርቀት ወይም ቁልቁለት በተሮጠ ማግስት ባት ላይ የሚሰማውን ሕመም በመጠኑ ያቀልላል። ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ ብሎ ወደ ጉልበት ሲወጣ እየላላ ስለሚሄድ፣ በደም መልስ ያለው ደም ወደ ላይ እንዲመለስ ያግዛል፤ እብጠትም ይቀንሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጠኑ ላይ ነው። በጫማ ቁጥር ብቻ መግዛት አያዋጣም። ጠዋት እግር ሳያብጥ በልብስ ሰፊ ሜትር ሁለት ቦታ ይለኩ፦ ከቁርጭምጭሚቱ አጥንት ከፍ ብሎ እግር በጣም የሚቀጥንበትንና ባት በጣም የሚወፍርበትን። ሁለቱንም እግር ለክተው ከማሸጊያው ሰንጠረዥ ጋር ያስተያዩ። ግፊቱ የሚጻፈው በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (mmHg) ነው። ለስፖርት ከ15 እስከ 20 ይበቃል፤ ከ20 እስከ 30 ያለውን ሐኪም ሳያማክሩ አይጀምሩ። ቁጥር ያልተጻፈበት ካልሲ ምን ያህል እንደሚጫን ማወቅ አይቻልም።

ሲያጠልቁ እግርዎ ፈጽሞ ደረቅ ይሁን። እጅዎን አስገብተው ተረከዙን ከውስጥ ይያዙና ካልሲውን እስከዚያ ድረስ ይገልብጡት። ጣቶችንና ተረከዝን ካስገቡ በኋላ ቀሪውን በመዳፍዎ ጥቂት በጥቂት ወደ ላይ ያውጡት። ጠርዙን ይዞ መጎተት ላስቲኩን ይጎዳል። ጠርዙ ከጉልበት መታጠፊያ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ይቁም። ረዘመ ተብሎ በፍጹም አይታጠፍ፤ የታጠፈው ቦታ ግፊቱ ይደራረብና እንደ ገመድ ያንቃል። ጣቶች ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ ወዲያው ያውልቁት።

ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ ሮጦ በመኪና ለሚመለስ፣ ላብን አድርቆ እዚያው ማጥለቅ ይጠቅማል፤ ከልፋት በኋላ ቁጭ ብሎ መጓዝ እግርን ያሳብጣልና። ከዚያም ለጥቂት ሰዓታት ይቆይ፤ ሲተኙ ይውለቅ። በውድድር ቀን ግን አዲስ ካልሲ አይጀመርም፤ ውሃ ሊያስቋጥር ይችላል።

የደም ቅዳ ጥበት ያለበት ወይም በስኳር ሕመም የእግሩ ስሜት የቀነሰበት ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ አያጥልቀው። አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ ካልሲውን ትተው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና ይታጠብ፤ በረኪናና ማለስለሻ ላስቲኩን ይበላሉ። ሳይጠመዘዝ ጥላ ላይ ይሰጣ። ያለ ምንም ትግል መግባት ከጀመረ ግፊቱ አልቋልና ይቀየር።