«እኔ ጋ ይሰራል» እና ሌሎች ዌብሳይት ስናሰራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዌብሳይት የሰራሁለት ደንበኛዬ ደውሎ «ሳይቱ ተበላሽቷል!» አለኝ። ክሮም ላይ ከፈትኩት፤ ምንም አልሆነም። «እኔ ጋ ይሰራል» አልኩት። ተቀየመ፤ እውነቱን ነው። በእሱ አይፎን ላይ የዕቃዎቹ ፎቶዎች እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር። በፎቶዎቹ መካከል ክፍተት የሰጠሁበትን የፍሌክስቦክስ (ገጽ ላይ ነገሮችን የሚደረድር ኮድ) «ጋፕ» የሚባል ትዕዛዝ የአይፎኑ ብሮውዘር ሳፋሪ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ቨርዥን 14.1 ጀምሮ ነው። የእሱ ስልክ ከዚያ በፊት የነበረውን ይዟል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «በምን ስልክ፣ በምን ብሮውዘር ነው ያዩት?» ነው።

ክሮምን ኮምፒውተር ላይ አጥብቦ «ሞባይል ላይ ሞክሬዋለሁ» ማለትም ያው ስህተት ነው። አይፎን ላይ ያለው ክሮም እንኳ ከውስጥ የሚሰራው ገጹን አንብቦ በሚስለው የሳፋሪ ሞተር፣ በዌብኪት ነው። የሰው አይፎን ተውሶ ማየት ይሻላል።

ከሁሉም ዋጋ ያስከፈለኝ ግን ውል ላይ «በሁሉም ብሮውዘር ይሰራል» ብዬ መፈረሜ ነው። ደንበኛው ቢሮው ባለ አሮጌ ኮምፒውተር በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ከፍቶ «ይኸው፣ አይሰራም» አለኝ። ማይክሮሶፍት ራሱ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2022 ያሰናበተውን ብሮውዘር! ግን ፈርሜያለሁ፤ ምን ልበል? አሁን በስም እጽፋለሁ፦ የክሮም፣ የሳፋሪ፣ የፋየርፎክስና የኤጅ የመጨረሻ ሁለት ቨርዥኖች። «ይሰራል» ማለት «ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ይመስላል» ማለት እንዳልሆነም እጨምራለሁ። የደንበኛው ገዢዎች ዳታ ለመቆጠብ ኦፔራ ሚኒ የሚጠቀሙ ከሆነ ቀድሞ ይነገረኝ። በከፍተኛ ቁጠባ ሲሆን ገጹ ኦፔራ ሰርቨር ላይ ተሰርቶና ተጨምቆ ነው የሚመጣው፤ ያማረው ተንሸራታች ሜኑ እዚያ ላይከፈት ይችላል። ዋጋውም ሌላ ነው።

የአማርኛው ጣጣ ደግሞ የራሳችን ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ ስርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም የግዕዝ ፎንት የሌለው አሮጌ ስልክ ሳጥን ሳጥኑን ይደረድራል። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት ከሳይቱ ጋር አብሮ ይጫን። ደንበኞችም ከዩኒኮድ በፊት በነበረ ፎንት የተተየበ ጽሑፍ አትላኩልን፤ ስንለጥፈው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ይሆናል።

ሌላው፣ ሳይታደስ የቆየ ገጽ። አንዴ ሁለት ሰዓት ሙሉ ኮድ ስበረብር ቆየሁ። ለካ ደንበኛዬ የሚያየው ከሳምንት በፊት ከፍቶ የተወውን ታብ ነው። ሪፍሬሽ አላደረገውም።