የራቱ ማራን የሥልጣን መንገድ ለመጻፍ ለምትነሡ

የፊጂውን መሪ ራቱ («ራቱ» የባላባት ማዕረግ ነው) ሰር ካሚሴሴ ማራን ሕይወት ልትጽፉ ከተነሣችሁ ከምርጫ ውጤት አትጀምሩ። ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉና በግራ የባላባትነቱን፣ በቀኝ የመንግሥት ሹመቱን አስፍሩ። እኔ የፓሲፊክ መሪዎችን የምጽፈው እንዲህ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ግራው ቀድሞ ይሞላል። ማራ በ1920 ከላው ደሴቶች ገዥ ቤት ተወለዱ። ኒውዚላንድ ሕክምና እየተማሩ ሳሉ ትልቁ ባላባት ራቱ ላላ ሱኩና አስቋርጠው ኦክስፎርድ፣ ታሪክ እንዲያጠኑ ላኳቸው። የወደፊቱ መሪ ገና በምርጫ ሳይሆን በሽማግሌ ውሳኔ እየተሠራ ነበር። በ1950 የሬዋን ባላባት ልጅ ሮ ላላን አገቡ። ይህን ጋብቻ «የግል ሕይወት» ከሚል ርእስ ሥር አትቅበሩት፤ ቦታው ግራ ዓምድ ነው፤ ሁለት ታላላቅ ቤቶችን አገናኝቷልና።

ቀኙ ቀላል ነው፤ በ1967 ዋና ሚኒስትር (ከነፃነት በፊት የነበረው የመንግሥት መሪነት)፣ ጥቅምት 10 ቀን 1970 ፊጂ ነፃ ስትወጣ ጠቅላይ ሚኒስትር። በመካከል፣ በ1969፣ የአባታቸውን «ቱኢ ናያው» የተባለ የላው ገዥ ማዕረግ መውረሳቸውን በግራ መዝግቡ።

አሁን 1977 ላይ ቆም በሉ። በሚያዝያው ምርጫ የማራ አሊያንስ ፓርቲ በጠባብ ልዩነት ተሸነፈ። አሸናፊው ብሔራዊ ፌዴሬሽን ፓርቲ ግን መሪ በመምረጥ ሲጨቃጨቅ፣ ጠቅላይ ገዥው (የእንግሊዝ ንግሥት እንደራሴ) ራቱ ጆርጅ ዛኮምባው ማራን መልሰው ሾሙ። ዛኮምባው ራሳቸው የምባው ታላቅ ባላባት ነበሩ! ሹመቱ የሕግ ነው ወይስ የባላባቶች መግባባት? ሁለቱን ዓምዶች ጎን ለጎን ያላስቀመጠ ሰው ጥያቄው አይታየውም። በመስከረም በተደገመው ምርጫ አሊያንስ በሰፊው አሸነፈ።

የ1987ቱን አታለስልሱት። ማራ በምርጫ ተሸነፉ፤ በወሩ የጦር መኮንኑ ሲቲቬኒ ራምቡካ መፈንቅለ መንግሥት አደረጉ፤ ማራም ከአድራጊዎቹ ጋር ለመሥራት ተስማሙና እስከ 1992 ዳግም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። «አገር ለማረጋጋት ነው» የሚለውን መከራከሪያ ጻፉ፤ እኔን ግን አያሳምነኝም።

በ2000 የመፈንቅለ መንግሥት መሪው የጆርጅ ስፒት ሰዎች ፓርላማውን ሲይዙ ከታጋቾቹ አንዷ የማራ ልጅ ነበረች። በወቅቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ማራ ግንቦት 29 ጦሩ ሲጠይቃቸው ሥልጣኑን ለቀቁ።

ስም ስትጽፉ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ከላው ደሴቶች አንዷ በፊጂ አነጋገር «ላኬምባ» እንጂ «ላኬባ» አይባልም።