የንግድ ምልክት ጠበቃ ለመሆን ከየት ይጀመራል?

ጠበቃ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ችሎት ነው። የንግድ ምልክት ሥራ ግን በአብዛኛው ችሎት ሳይደርስ ያልቃል። ማለቅም አለበት።

መግቢያው እንደ ማንኛውም ጠበቃ ነው፦ የሕግ ዲግሪ፣ የመውጫ ፈተና፣ ከዚያ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት የጥብቅና ፈቃድ። የንግድ ምልክት የሚመዘግበው አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ስለ ደንበኛ ለማመልከት ደግሞ በወኪልነት ይመዝገቡ።

ቀጥሎ ስለ ንግድ ምልክት የወጡትን አዋጅ ቁጥር 501/1998ን እና ደንብ ቁጥር 273/2005ን ያንብቡ። ረጅም አይደሉም፤ ደጋግመው ይመለሱባቸው። ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ መሆኑን በደንብ ይያዙ። "ስሙማ የኔ ነው፣ ንግድ ፈቃዴ ላይ አለ" የሚል ደንበኛ አይጠፋም። የንግድ ስም የሚለየው ነጋዴውን ነው፤ የንግድ ምልክት የሚለየው ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን።

አሁን ወደ ሥራው። አንዲት የባልትና ነጋዴ "ምርጥ በርበሬ" የሚል ከረጢት ይዘው መጡ እንበል። ማመልከቻ ለመሙላት አይቸኩሉ። በርበሬን በርበሬ፣ ያውም ምርጥ ብሎ መጥራት የማንም ነጋዴ መብት ነው፤ አንድ ሰው ለብቻው አይይዘውም። ለየት ያለ ስም እንዲያመጡ ያግባቧቸው። ከረጢቱ ከታተመ በኋላ ከመጡ ደስ አይላቸውም፣ ግን ይንገሯቸው።

ስሙ ከተገኘ ፍለጋ ነው፦ የሚመስለው ምልክት ቀድሞ ተመዝግቦ እንደሆነ ማጣራት። የሙያው ልብ እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። "ፀሐይ" ብለው ፈልገው ምንም ካላገኙ ገና አልጨረሱም። "ጸሀይ"ም፣ "ፀሃይ"ም ለጆሮ ያው ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ እያንዳንዱ ነጋዴ እንደመሰለው ነው። ሁሉንም ይሞክሩ፣ ጮክ ብለውም ያንብቡ። ገዢ ሱቅ ሄዶ የሚጠይቀው በአፉ ነው።

ከዚያ ምደባ፣ ማለትም ምልክቱ ለየትኛው ዕቃ ወይም አገልግሎት እንደሚመዘገብ መለየት። ዓለም አቀፉ የኒስ ምደባ 45 ክፍሎች አሉት፤ እስከ 34 ዕቃ፣ ከ35 ጀምሮ አገልግሎት። ቅመምና የታሸገ ቡና 30 ውስጥ ናቸው፣ ካፌ 43 ውስጥ። ካፌ ከፍቶ ቡናም አሽጎ የሚሸጥ ደንበኛ ሁለቱም ያስፈልጉታል።

ማመልከቻው ገብቶ ምርመራውን ካለፈ በማስታወቂያ ይወጣል፤ ተቃዋሚ 60 ቀን አለው። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። የማሳደሻ ቀኑን እርስዎ መዝግበው ይያዙ፤ ደንበኛው ይረሳል። የሌሎች ማስታወቂያም እንዳያመልጥዎት፣ የደንበኛዎን ስም የሚመስል የሚገኘው እዚያ ነው።

ምዝገባ ድንበር አይሻገርም። ዋሽንግተን በርበሬ የሚልክ ደንበኛ አሜሪካም ማመልከት አለበት። ኢትዮጵያ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን አሜሪካ ለማስመዝገብ ስታመለክት የአሜሪካ የቡና ማኅበር ተቃውሟል። ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት የተደረሰው በ2007 ነው። ይህን ጉዳይ ፈልገው ያጥኑት፤ ገላጭ ስምን፣ ማለትም ዕቃውን ወይም የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚናገር ስምን፣ ለማስመዝገብ ምን ያህል ትግል እንደሚጠይቅ ያሳያል።

ስለ ክፍያ አንድ ምክር፦ የፍለጋውን ከማመልከቻው ለይተው፣ በጽሑፍ ይዋዋሉ። ፍለጋው "ይህ ስም አይሆንም" ብሎ ካበቃ፣ ምንም እንዳልሠሩ የሚቆጥር ደንበኛ ብዙ ነው።