ጨጓራን የሚያቆስለው ማን ነው? ስለ ኤች ፓይሎሪ የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ጨጓራ አለብኝ» የማይል ሰው እየጠፋ ነው። ቡና ላይ አንዱ ከጀመረ ሁሉም የየራሱን ይዞ ይመጣል። አንዷ ተልባ ታዛለች፤ ሌላው በባዶ ሆድ ነጭ ሽንኩርት በማር። እኔም እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ብዙ ስህተት ተናግሬአለሁ። ኋላ ላይ ሳነብ የገባኝ፣ አብዛኛው ስህተታችን ከአንድ ቦታ የሚመነጭ መሆኑ ነው። የራሳችን ነጭ የደም ሴሎች ጨጓራችን ውስጥ ምን እንደሚሠሩ አናውቅም።

«በርበሬው ነው ያቆሰለኝ»

በርበሬ የቆሰለ ጨጓራን ሊያቃጥል ይችላል። ማቁሰል ግን ሌላ ነገር ነው። ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን ጥፋቱን በጭንቀትና በአሲድ ሲያሳብቡ ኖረዋል። በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ ሐኪሞቹ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል በ1982 እ.ኤ.አ. ኤች ፓይሎሪ የተባለውን ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ከታማሚዎች ጨጓራ ወስደው ማሳደግ ቻሉ። የሚያምናቸው ግን ጥቂት ነበር። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው! በቀናት ውስጥ ያስመልሰው ጀመር። በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። ማርሻልን የያዘው ቁስለት አልነበረም፤ የጨጓራ ብግነት፣ ማለትም መቆጣት ነው። ከጨጓራው በተወሰደው ናሙና ላይም ባክቴሪያው ብቻ ሳይሆን ሊዋጉት የመጡ ነጭ የደም ሴሎች ጭምር ታይተዋል።

«ባክቴሪያው ግድግዳዬን በላው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ኤች ፓይሎሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው የጨጓራን ግድግዳ በሚሸፍነው ዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ ነው። ዩሪኤዝ በሚባል ኢንዛይም ዩሪያን ወደ አሞኒያ እየቀየረ በዙሪያው ያለውን አሲድ ያበርዳል። ጥቂቱ ግን ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ከበድ ያሉት ዝርያዎች ደግሞ መርፌ በመሰለ መሣሪያ ካግ ኤ የተባለ ፕሮቲን ወደ ግድግዳው ሴሎች ይወጋሉ።

የተወጋው ሴል «ኡኡ!» ይላል። ጩኸቱ ኬሚካል ነው፤ ከዋነኞቹ አንዱ ኢንተርሉኪን 8 ይባላል። ይህን ሰምተው ከደም ሥር እየወጡ ቀድመው የሚደርሱት ኒውትሮፊሎች የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። መሣሪያቸው ኃይለኛ ነው፦ የሚያቃጥሉ የኦክስጅን ውህዶችና ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች። ችግሩ ወዳጅና ጠላት አይለዩም። ባክቴሪያው እነዚህን ውህዶች የሚያከሽፍበት የራሱ ኢንዛይም አለው፤ አብዛኛው ደግሞ እነሱ በማይደርሱበት ፈሳሽ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ዱላው የሚያርፈው የራሳችን ግድግዳ ላይ ነው። ሌሎቹ ነጭ የደም ሴሎች፣ ማክሮፋጆችና ቲ ሴሎች፣ ተከትለው ይገቡና ውጊያው ለዓመታት ይቀጥላል። በናሙና ውጤታችሁ ላይ «አክቲቭ» የሚል ቃል ካያችሁ፣ ኒውትሮፊሎቹ አሁንም እዚያው ናቸው ማለት ነው።

ታዲያ ቁስሉ ለምን አንዳንዴ ጨጓራ ላይ ሳይሆን ከጨጓራ በታች ባለው ትንሹ አንጀት ላይ ይወጣል? ብግነቱ በጨጓራ ታችኛው ክፍል ከበረታ፣ የአሲድ ፍሬን የሆነው ሶማቶስታቲን ይቀንሳል። አሲድ የሚያስመነጨው ጋስትሪን ይጨምራል። ትርፉ አሲድ ወደ አንጀት ይፈስሳል፣ እዚያ ያቆስላል። ብግነቱ ወደ ላይኛው ክፍል ከተስፋፋ ደግሞ አሲዱ እየቀነሰ ይሄዳል። «አሲድ ቀነሰልኝ» ብሎ መደሰት እዚህ አይሠራም። የጨጓራ ቁስለትና ካንሰር በብዛት የሚከተሉት በዚህኛው መንገድ ነው።

«መከላከያዬን ላጠናክር፣ ራሱ ይጠፋል»

የነጭ ሽንኩርቱ ወሬ የሚመጣው እዚህ ነው። ሽንኩርቱን ብሉት፣ ምግብ ነው። ሐሳቡ ግን ተገልብጧል። ተመራማሪዎች ቲ እና ቢ ሴል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሌሏቸውን አይጦች በባክቴሪያው ሲያስይዙ፣ ባክቴሪያው በጨጓራቸው ሞልቶ ብግነቱ ግን ትንሽ ሆኖ አገኙት። ቲ ሴል ሲሰጧቸው ባክቴሪያው ቀነሰ፤ ጨጓራቸው ግን ክፉኛ ተቆጣ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ሰውነታችንም ይህን ያወቀ ይመስላል። ጠቡን የሚያበርዱ ገላጋይ ቲ ሴሎች አሉት። ባክቴሪያው ያለባቸው ሕፃናት እነዚህ ሴሎች በርከት ይሉላቸዋል፤ ብግነታቸው ቀለል ያለ ነው፣ ቁስለትም እምብዛም አይታይባቸውም። ግን ገላጋይ ሲበዛ ባክቴሪያውም ተመቻችቶ ይኖራል። በዚህ ላይ ቫክ ኤ የተባለው መርዙ ቲ ሴሎች እንዳይባዙ ያፍናል። ለዚህ ነው ሕክምና ካላገኘ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አብሮን የሚቆየው።

«ቁስለት ሁሉ ከባክቴሪያ ነው»

አይደለም። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ያለ ባክቴሪያም ያቆስላሉ፤ የግድግዳው ጠባቂ የሆነውን ፕሮስታግላንዲን ስለሚቀንሱ። ለወገብ ሕመም ከፋርማሲ እየገዙ የሚውጡ ይስሙ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

«የደም ምርመራው ፖዘቲቭ ነው፣ አልዳንኩም»

አንድ ዘመዴ በዚህ ምክንያት ያንኑ አንቲባዮቲክ ሁለት ጊዜ ውጧል። የደም ምርመራው የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን ቢ ሴሎች የሠሩትን ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። መዳንን የሚያሳየው የባክቴሪያውን ፕሮቲን የሚፈልገው የሰገራ አንቲጂን ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው። አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት መጠበቅ አለበት። የአሲድ መቀነሻ የሆነውን ኦሜፕራዞል የሚወስድ ከሆነም ከምርመራው በፊት ሐኪሙን አማክሮ ለ2 ሳምንት ያቆማል፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊባል ይችላል።

«ቃጠሎው ጠፋ፣ መድኃኒቱን ላቁም»

ቃጠሎውን ቶሎ የሚያስታግሰው የአሲድ መቀነሻው ነው። ባክቴሪያው ገና አለ። ብዙ ጊዜ 14 ቀን የሚታዘዘውን በአምስተኛው ቀን ያቆመ ሰው፣ የተረፉት መድኃኒቱን ተላምደው ይጠብቁታል። ሙሉውን ወስዶ ባክቴሪያው ከጠፋለት ኒውትሮፊሎቹ በሳምንታት ውስጥ ይበተናሉ። ሊምፎሳይቶቹ፣ ማለትም ቲ እና ቢ ሴሎቹ፣ ግን ቶሎ አይወጡም፤ ከዓመት በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ ከወራት በኋላ የተወሰደ ናሙና «ሥር የሰደደ ብግነት» ቢል፣ መጀመሪያ ሐኪሙ የሚጠየቀው ጥያቄ «ባክቴሪያው አለ ወይስ የለም?» የሚለው ነው።