ስለ ኔሮን ቄሣር በጎንደር ለሚደረግ ንግግር እንዴት መዘጋጀት ይቻላል?

በጎንደር፣ በትምህርት ቤት የታሪክ ክበብም ሆነ በሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤ፣ ስለ ሮማው ንጉሠ ነገሥት ስለ ኔሮን የሚናገር ሰው አድማጮቹ ስሙን አስቀድመው እንደሚያውቁት መዘንጋት የለበትም፤ ሐምሌ 5 ቀን የጴጥሮስና የጳውሎስ ዕረፍት ሲታሰብ አብሮ ይነሣልና። ስለዚህ «ኔሮን ጨካኝ ነበር» ብሎ መጀመር አዲስ ነገር አያስተምርም። የሚጠቅመው፣ ጭካኔውን ማን እንደጻፈውና ምን እንደተጨመረበት ማሳየት ነው።

ዘመኑን በአጭሩ በሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ አድማጭ በእኛ አቆጣጠር እንዳያሰላው «እ.ኤ.አ.» የሚለውን አይተዉ። ኔሮን በ37 ተወለደ። እናቱ አግሪፒና ንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስን አግብታ ልጇን በጉዲፈቻ ስላስያዘችው፣ የንጉሡ የአብራክ ልጅ ብሪታኒከስ እያለ በ54 ገና በ16 ዓመቱ ነገሠ። መምህሩ ሴኔካና የክብር ዘበኛው አዛዥ ቡሩስ በሚመክሩት ጊዜ አገዛዙ የሚያስመሰግን ነበር።

ብሪታኒከስ በ55 ማዕድ ላይ ሳለ ሞተ፤ የኔሮን ሚስት ኦክታቪያ በ62 ተገደለች። ታላቁ ኢያሱ በልጃቸው በተክለ ሃይማኖት ንግሥና መገደላቸውን የሚያውቅ የጎንደር ተማሪ በቤተ መንግሥት ደም ብዙም ስለማይደነቅ፣ እዚህ ላይ አይቆዩ። የእናቱን ነገር ግን በዝርዝር ይንገሩ። በ59 እንድትሰምጥ ሆን ተብሎ በተሠራ መርከብ አሳፈሯት፤ በእርሳስ የከበደው ጣሪያ ሲወድቅ አንዲት አጃቢዋ «አግሪፒና ነኝ፣ አድኑኝ» ብላ ብትጮኽ በመቅዘፊያ ቀጥቅጠው ገደሏት፤ አግሪፒና ግን ድምፅ ሳታሰማ ዋኝታ አመለጠች። ኔሮን ወታደሮች ልኮ በቤቷ አስገደላት።

አብዛኛውን ጊዜ ለ64ቱ የሮም ቃጠሎ ይስጡ። ከ14ቱ የከተማዋ ክፍሎች 3ቱ ፈጽመው ወደሙ፣ 7ቱ ክፉኛ ተጎዱ፣ የተረፉት 4 ብቻ ናቸው። የጥንት ሮማ ታሪክ ጸሐፊዎች ታሲተስ፣ ስዌቶኒየስና ካሲየስ ዲዮ የጻፉትን ጎን ለጎን ያስነብቡ፤ ሦስቱም የጻፉት ኔሮን ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ሁለቱ እሳቱን ያስነሣው እርሱ ነው ሲሉ፣ ታሲተስ ግን አደጋም ሊሆን ስለሚችል ጥያቄውን ክፍት ይተወዋል፤ ኔሮን ያኔ ከሮም ውጭ በአንቲየም ከተማ እንደነበረ፣ ተመልሶም አትክልት ቦታዎቹን ለተፈናቃዮች እንደከፈተና የእህል ዋጋ እንዳስቀነሰ ይመዘግባል። ይኸው ጸሐፊ ኔሮን ሐሜቱን ለማብረድ በክርስቲያኖች ላይ እንዳሳበበ፣ አንዳንዶቹም እንደ መብራት በሌሊት መቃጠላቸውን ስለሚመሰክር፣ በእሳቱ ነጻ ማውጣት በስደቱ ነጻ ማውጣት አለመሆኑን በግልጽ ይናገሩ። «ሮም ስትነድ ቫዮሊን ይጫወት ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ቫዮሊን ከ1400 ዓመታት በላይ ቆይቶ የመጣ ነው፣ የኔሮን መሣሪያ የክራራችን ዘመድ ነበር።

መጨረሻውን አያራዝሙ፦ ጦሩና ሴኔቱ (የሮም የሽማግሌዎች ምክር ቤት) ከዱት፣ በ68 በ30 ዓመቱ ራሱን አጠፋ።

ለጥያቄ ጊዜ አንድ ነገር ይያዙ። ኔሮን የዓባይን ምንጭ እንዲፈልጉ ሁለት የመቶ አለቆች ልኮ እንደነበር ሴኔካ ጽፏል። የጎንደር አድማጭ ጣና ደርሰው እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም፤ የረዳቸው «የኢትዮጵያ ንጉሥ» በዛሬዋ ሱዳን የነበረችው የሜሮዌ ገዥ እንደሆነ፣ ያገኙትም ማለቂያ የሌለው ረግረግ እንደነበር፣ ይህም ከነጭ ዓባይ እንጂ ከጣና ጋር እንደማይገጥም ይመልሱ።