የምድጃዬ ቆርቆሮ ለምን ከሒሳቤ በላይ ጋለ?

ትንሿ የሸክላ መተኮሻ ምድጃዬ ውስጧ 1000 ዲግሪ ሲደርስ፣ የውጭ ቆርቆሮዋ በሒሳቤ 75 ዲግሪ መሆን ነበረበት። የለካሁት ግን 130 ገደማ ነው። ሦስት ቀን በላኝ።

መጀመሪያ መለኪያውን ጠረጠርኩ። ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ አሳንሶ ያነባል። ስለዚህ የኬ ዓይነት ተርሞካፕል (ነክቶ ሙቀት የሚለካ ሽቦ) ቆርቆሮው ላይ አሰርኩ። ያው 130! የበሩን ክፍተት በፋይበር ጠቀጠቅኩ። ጠብ ያለ ነገር የለም።

መልሱ የተገኘው የሙቀት መከላከያውን ዳታ ሺት (የአምራቹን የመረጃ ወረቀት) እንደገና ሳነብ ነው። ምድጃዋን ያለበስኳት 100 ሚሊሜትር ሴራሚክ ፋይበር ነው። ኤክሴል ላይ ያስገባሁት የሙቀት ማስተላለፍ ቁጥር፣ 0.06 ዋት በሜትር ኬልቪን፣ ግን የ200 ዲግሪ ቁጥር ኖሯል። ፋይበር አብዛኛው አየር ነው። በጣም ሲግል ሙቀቱ በጨረር መልክ በክሮቹ መካከል ሾልኮ ያልፋል፤ ማስተላለፉም ቶሎ ይጨምራል። (ጥቅጥቅ ያለ የአሉሚና ጡብ ተቃራኒ ነው፤ ሲግል ማስተላለፉ ይቀንሳል።)

የውስጥና የውጭ ፊቱን አማካይ ወሰድኩ፤ 565 ዲግሪ ገደማ። እዚያ ላይ ቁጥሩ 0.14 ነው። ሒሳቡን ስደግመው 135 ወጣ። በቃ፣ እሱ ነበር።

ከዚያ በውስጥ በኩል ሌላ 50 ሚሊሜትር ጨመርኩ፤ በሜትር ኩብ 128 ኪሎ የሚመዝነውን። ከመጀመሪያው ባለ 64 ኪሎ ፋይበር ይልቅ ጨረር የሚያግዱ ክሮች ይበዙበታል። አሁን ቆርቆሮው 100 አካባቢ ነው። ውስጧ ጠቧል፣ ምን ይደረግ። ፋይበሩን ስትቆርጡ ማስክ አድርጉ፤ ብናኙ ለሳንባ አይሆንም።