ኮሪያውያንንና አሜሪካውያንን ስናነጻጽር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ኮሪያዊ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል፣ አሜሪካዊ ፊት ለፊት ይናገራል» ብሎ መነሳት የመጀመሪያው ስህተት ነው። ሴኡል ውስጥ ገና የተዋወቃችሁት ሰው ዕድሜያችሁን ሊጠይቃችሁ፣ የሚያውቃችሁ ደግሞ «ወፈርክ» ሊላችሁ ይችላል። አሜሪካዊ አለቃ በበኩሉ ጥፋት ከመናገሩ በፊት ምስጋና ስለሚደረድር፣ ሠራተኛው መወቀሱን ሳያውቅ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ታዲያ ማን ይበልጥ ግልጽ ነው? ጥያቄው ራሱ ጠማማ ነው። መጠየቅ ያለበት «ለማን? በምን ጉዳይ?» ነው። ኮሪያዊው ለወዳጁ በግልጽ የሚናገረውን ለአለቃው በዝምታ ያስተላልፋል፤ ያልተነገረውን ከሁኔታው የመረዳት ችሎታ «ኑንቺ» ይባላል።

የዕድሜ ጥያቄውንም ነገር ፍለጋ አናድርገው። በኮሪያ ቋንቋ የግሱ መጨረሻ እንደ አድማጩ ይለዋወጣል፤ ዕድሜውን ሳያውቁ እንዴት ያናግሩታል?

«አንቱ» እያልን ያደግን እኛ ግን ሌላ ስህተት ይጠብቀናል፤ «ልክ እንደ እኛ ናቸው» ማለት። በሁለት እጅ መስጠት፣ ለታላቅ መነሳት ያመሳስለናል። ሆኖም እኛ በአንድ ዓመት የሚበልጠንን ጓደኛ ያለ ሐሳብ «አንተ» እንላለን። ኮሪያ ውስጥ «ችንጉ»፣ ማለትም ጓደኛ፣ በተለምዶ እኩያ ነው፤ በአንድ ዓመት የሚበልጠውን ወንድ፣ ወንዱ «ህዮንግ»፣ ሴቷ «ኦፓ» ብለው ይጠሩታል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ አደጋን ሁሉ በባህል ማሳበብ ነው። በነሐሴ 1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የኮሪያ አየር መንገድ አውሮፕላን ጉዋም ላይ ተከስክሶ ከ220 በላይ ሰዎች ሞቱ። «ረዳቱ ካፒቴኑን አክብሮ ዝም በማለቱ ነው» የሚለው ታሪክ ዓለምን ዞረ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ምርመራ ግን ረዳቶቹ ካፒቴኑን በሚገባ አለመከታተላቸውን ከመጥቀስ አልፎ የካፒቴኑን ድካም፣ የአየር መንገዱን በቂ ያልሆነ ሥልጠና፣ እንዲሁም አውሮፕላን ከአስተማማኝ ከፍታ በታች ሲወርድ የአየር ተቆጣጣሪዎችን የሚያስጠነቅቀው የምድር ላይ ሥርዓት በአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ሆን ተብሎ እንዳይሠራ መደረጉን መዝግቧል። ይህን ሁሉ ትቶ «ባህላቸው ገደላቸው» ማለት በሟቾች ላይ የሚፈጸም ግፍ ነው።

ሁለቱን አገሮች ባሉበት የቆሙ አድርጎ ማየትም አያዛልቅም። ደቡብ ኮሪያ ከሰኔ 2023 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ፣ ሕፃን እንደተወለደ አንድ ዓመት ብሎ ከሚቆጥረው ባህላዊ ልማድ፣ በሕግ ወደ ዓለም አቀፉ የዕድሜ አቆጣጠር ተዛውራለች። አሜሪካም አንድ ወጥ አይደለችም፤ በደቡብ ግዛቶች ዛሬም ታላላቆቻቸውን «ሰር» እና «ማም» እያሉ የሚመልሱ ልጆች አሉ።